አክስቴ፣ በልተዋል?

ስዊ ኬንግ ታላቅ ወንድሟን በባዶ ስሙ መጥራት ከጀመረች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድም "አሂያ" ይባላል እንጂ እንደ ጎረቤት ልጅ "ቡን ቼው" ተብሎ አይጠራም፤ እናቷም በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች። ግን ምን ታድርግ! አባታቸው የሞቱ ዕለት፣ ወንድ ልጅ ማቅ ለብሶ አስከሬኑ ፊት በሚንበረከክበት ሰዓት፣ ቡን ቼው ከኋላ ከወንድም ልጆች ተርታ ቆሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ሦስት ጊዜ እጅ ነስቶ ተመለሰ። ማቁን የለበሰችው እሷ፣ ከሬሳው ጎን ሦስት ቀን የተቀመጠችው እሷ፣ ወጪውን የቻለችው እሷ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሂያ የሚባል ሰው አታውቅም።

ነገሩ የቆየ ነው። ቡን ቼው በተወለደ በሦስተኛው ቀን አባታቸው የልደቱን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ወደሚቀመጥ ኮከብ ቆጣሪ ሄዱ። ሰውየው ጣቶቹን ቆጠረ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ የልጁ ሰዓት የእናቱን ሰዓት ይመታል አለ። አንድ ቀን አፉን ሞልቶ "እናቴ" ብሎ ከጠራት ዓመት ሳይዞር አንዳቸው ይቀበራሉ። መድኃኒቱ ሰማይን ማታለል ነው፤ ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ይሁን። በአንድ ቤት፣ ከሳንቃ ግድግዳ ማዶ ይኖሩ የነበሩት ታላቅ አጎትና ሚስታቸው ሄደው ሕፃኑን በስማቸው አስመዘገቡት። የልደት ወረቀቱ ላይ አባት አጎቱ፣ እናት የአጎቱ ሚስት ሆኑ። ልጁ የገዛ እናቱን ጡት ጠብቶ፣ ከገዛ እናቱ ጎን ተኝቶ አደገና አፉን ሲፈታ "አክስቴ" በል ተባለ። በዚያ ዘመን እናቱን አክስቴ የሚል ልጅ በየሰፈሩ ሞልቶ ነበር። ወረቀት እስከ ማስለወጥ የደረሰ ግን ጥቂት ነው፤ የእነሱ ቤት ሰዎች ሲፈሩ ለጉድ ነው።

እንዲህ ሆነው ስድሳ አራት ዓመት ኖሩ። ቡን ቼው በየእሑዱ ጠዋት አውቶቡስ ይዞ ቶዋ ፓዮ ወደሚባለው የእናቱ ሰፈር ይመጣል፤ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከአሳንሰሩ ይወርዳል፣ በብረት በሩ ሥር ጫማውን ያወልቃል፣ የሩዝ ኬክ የያዘ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ኬኩ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ሆዱ በሩዝና በለውዝ የተሞላ፣ አሮጊቷ እናቱ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው ነው። ከዚያ "አክስቴ፣ በልተዋል?" ይላታል። እሷም "በልቻለሁ፤ አንተስ?" ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ብዙ አያወሩም። ሁለቱም ሻይ ይጠጣሉ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ይሄዳል። ስዊ ኬንግ ይህቺን "አክስቴ" በሰማች ቁጥር ተነስታ ማድቤት ትገባለች።

የአሮጊቷ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን ያቆየላት በየአምስት ሳምንቱ ዓይኗ ውስጥ የምትወጋው መርፌ ነው። መርፌው ውድ ነው፤ የሚከፈለውም ከሕክምና ቁጠባ ነው። ሲንጋፖር ውስጥ ሠርቶ የሚበላ ሁሉ በየወሩ ከደሞዙ እየተቆረጠ ለሕክምና ብቻ የሚቀመጥለት ገንዘብ አለው። ገንዘቡ የባለቤቱ ነው፣ ቁልፉ ግን የደንቡ ነው። ለየትኛው በሽታ፣ ለማን፣ ስንት እንደሚወጣ ደንቡ ይወስናል፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። የአሮጊቷ ድሮ አልቋል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ምን ቁጠባ ይኖራታል? ደንቡ ደግሞ ከበሽተኛዋ ሌላ የአንድ ልጅ ቁጠባ ብቻ ነበር የሚፈቅደው። ያቺ አንድ ልጅ ስዊ ኬንግ ሆነች። ገበያ አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የዓሣ ሆድ ዕቃ ስታወጣ የተጠራቀመላትን መርፌው በአራት ዓመት ጠጥቶ ጨረሰው። ባለፈው ወር ቀጠሮው ደረሰ፣ ገንዘብ የለም ተባለ፣ አሮጊቷ ሳትወጋ ተመለሰች።

ስዊ ኬንግ ስለ አዲሱ ደንብ የሰማችው ገበያ ውስጥ፣ እጇ ዓሣ ሆድ ውስጥ እያለ ነው። ሬዲዮው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለአረጋውያን ሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያው ከፍ እንደሚል፣ የልጆች ሁሉ ቁጠባም ተዳምሮ መክፈል እንደሚችል ተናገረ። ቀጥሎ "ነገር ግን" ብሎ ስለ ዝምድና ማረጋገጫ አንድ ነገር አወራ። እሷ ከ"ነገር ግን" በኋላ ያለውን አልሰማችም፤ ሰው የሚፈልገውን ከሰማ ጆሮው ይደፈናል። ቡን ቼው ሠላሳ ስምንት ዓመት መርከብ ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። አላገባ፣ አልወለደ፣ ታሞም አያውቅ። ቁጠባው ሳይነካ ተከምሮ ተቀምጧል። "አሁን ገና አገኘሁህ" አለች፣ ለዓሣው።

ሆስፒታሉ የክፍያ ቢሮ ውስጥ ቫሳንቲ የምትባል ረጋ ያለች ሠራተኛ አለች። ደንቡ ሥራ እንደጀመረ ስዊ ኬንግ ሄዳ የወንድሟን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ሰጠቻት። ቫሳንቲ ጻፈች፣ አየች፣ ደግማ ጻፈች።

"እናትዎ መዝገቡ ላይ ያላቸው ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለቻት።

ስዊ ኬንግ ሳቀች። የእናት ልጅ ወንድሟ እንደሆነ፣ አገር ምድሩ እንደሚያውቅ፣ አፍንጫቸው እንኳ አንድ እንደሆነ ነገረቻት። ቫሳንቲ ቅጹ ላይ ስለ አፍንጫ የሚሞላ ቦታ እንደሌለ በትሕትና መለሰችላት። ቀድሞ ልጅ ነኝ ብሎ የፈረመ ይታመን ነበር፤ ፊርማቸውን የሚሸጡ ሰዎች ስለበዙ ግን አዲሱ ደንብ የገንዘቡን በር ሲያሰፋ የዝምድናውን በር አጥብቦታል። የልደት ወረቀቱ ያልመሰከረለት ሰው መሐላ ተቀባይ ፊት ይቀርባል። እናትና ልጅ ባሉበት፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየሰማ፣ አፍ አውጥተው ይምላሉ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በዚያው ቀን ይለቀቃል።

"ቀጣዩ መርፌ በአሥራ ዘጠኝ ነው" አለች ቫሳንቲ፣ ቅጹን እየሰጠቻት። "አንዱን ዘለዋል። ሁለተኛውን ከዘለሉ ሐኪሙ ምን እንዳለ ያውቃሉ።"

ታውቃለች። ሁለት መርፌ ያመለጠው ዓይን አይመለስም ብሏታል። አሥራ ዘጠኝ ሊሆን ደግሞ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ቡን ቼው ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ የምግብ አዳራሽ ውስጥ ሳህን ይሰበስባል። የተቆለፈበት ገንዘብ ስንቱን ሰው ያሳክማል፣ ለእሱ ግን አንድ ሳህን ሩዝ አይገዛለትም። ስለዚህ በስድሳ አራት ዓመቱ የሰው ትራፊ ይጠርጋል። ስዊ ኬንግ የምሳ ሰው ሲሳሳ ጠብቃ ሄደች። ጠረጴዛ እየወለወለ አገኘችው።

ሰላምታ አልሰጠችውም። "ቡን ቼው፣ ሐሙስ ጠዋት መጥተህ ትምላለህ" አለችው፤ ከዚያ ደንቡን፣ መዝገቡን፣ ቅጹን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችለት። እሱ የወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወለ። እንደገናም ወለወለው።

"ደሜን ይውሰዱ" አለ በመጨረሻ። "ደም ተመርምሮ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል ይባላል። የፈለጉትን ያህል ይቅዱ። ቃሉን ግን አልልም።"

"ደም ማን ጠየቀህ? የተጠየቅከው አንዲት ቃል ነው። ጡት ያልጣለ ሕፃን የሚላትን ቃል።"

"አንድ ጊዜ ብያታለሁ" አለ።

ይሄን ስዊ ኬንግ ሰምታው አታውቅም። ያኔ አልተወለደችም። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱን ተከትሎ ገበያ ሄዶ ሰው መሃል ጠፋችበትና ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ አፉ አመለጠው፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። "እማ!" ብሎ ጮኸ። ዘወር ብላ አየችው። በሳምንቷ ትኩሳት ይዟት ወደቀች፤ አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ ጠጉሯን ላጯት፣ አትተርፍም ተባለ። ስትተርፍ አጎቱ እሱን ደጃፉ ላይ አንበርክከው በሸምበቆ አፉን ገረፉት። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ሆኖም እንኳ ቃሏን ብሏት አያውቅም።

ስዊ ኬንግ ይሄ ሁሉ አላሳዘናትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ያን ዓመት ግማሹ ሰፈር የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ እንደታመመ እሷም ሰምታለች።

"ደስ ብሎህ ነው ይሄን ስም የያዝከው" አለችው። "አክስቴ ማለት ርካሽ ነዋ! ለአክስት ማቅ አይለበስም፣ ለአክስት አይከፈልም። አክስትን ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስድ የለም። አንተ እሑድ እሑድ ኬክህን አንጠልጥለህ ብቅ ትላለህ፤ ስድስቱን ቀን ልጅ የምሆነው እኔ ነኝ።"

ከጎን ያሉ ሰዎች ማንኪያቸውን ይዘው ዞሩ። ቡን ቼው ግን ቀና ብሎ አላያትም።

"ባለፈው እሑድ ሻይ ስትቀዳልህ አይተሃል" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አይቷል። አሮጊቷ ማንቆርቆሪያውን ከስኒው አጠገብ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ደፋችው። የፈላው ሻይ ጠረጴዛውን አልፎ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ቡን ቼው እንዳላወቀች እንድትቀር ንቅንቅ ሳይል ተቀምጦ፣ ባዶውን ስኒ አንስቶ እንደጠጣ ሰው ፉት አለ። ስዊ ኬንግ ከማድቤቱ በር ሆና ይሄን አይታ ነበር። ያኔም ቢሆን ያሰበችው "ይሄ ውሸታም" ብላ ነው።

"እሷ እንዳትሰማ" አለ ቡን ቼው። "ጆሮዋን ትያዝ። እሷ ካልሰማች ምናልባት… ምናልባት አይቆጠርም። ማይልኝ።"

"እሺ አትሰማም።"

"ማይልኝ አልኩሽ።"

"በአባቴ መቃብር" አለች ስዊ ኬንግ። ያን ሰዓት እውነቷን ነበር።

ሐሙስ የዋለው የሙታን መናፍስት ከደጅ በሚዞሩበት ወር ነው። በዚያ ወር ጨዋ ሰው ቤት አይቀይርም፣ አይዳርም፣ ውሃ ዳር አይሄድም። አሮጊቷ ለፊርማ ነው ተብላ በተሽከርካሪ ወንበር ስትገፋ "በዚህ ወር ምን ፊርማ አለ?" እያለች መንገዱን ሁሉ አጉረመረመች። ቡን ቼው የመሐላ ተቀባዩ ቢሮ ካለበት ሕንፃ ሥር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። "አክስቴ፣ በልተዋል?" አላት። "በልቻለሁ፤ አንተስ?" አለችው። እሱ ግን አልበላም ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል።

መሐላ ተቀባዩ ፔሬራ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከእነ ቡን ቼው ኋላ ወረፋ የያዘ ብዙ ሰው ነበር፤ ደንቡ ለስንቱ ሥራ አምጥቶለታል። ቅጹን አንብበው ለቡን ቼው ሰጡትና ድምፅህን አሰማ አሉት።

"እኚህ ሴት ወልደውኛል" አለ ቡን ቼው።

"ቅጹ 'እናቴ ነች' ነው የሚለው።"

"መውለድና እናት መሆን ምን ልዩነት አለው?"

"ለእኔ ምንም። ለቅጹ ግን አለው" አሉ ፔሬራ፣ ሳይቆጡ።

አሮጊቷ ይሄን ስትሰማ ነገሩ ገባት። ምን ሊያስብሉት እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ሁለት እጇን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፤ ዓይኗን ጨፍና የርኅራኄዋን አምላክ የጓንዪንን ስም እየደጋገመች መጥራት ጀመረች። ቡን ቼው እጆቿን አየ። ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹ ተመለሰ፣ ያሰበው ሆኖለታል። አፉን ሊከፍት ሲል ፔሬራ እስክሪብቶአቸውን አነሱ።

"እናትየዋ መስማት አለባቸው" አሉ። "አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቷል ብዬ ነው የምፈርመው። ዛሬ ካልሆነላችሁ ሌላ ቀን ኑ።" መዝገባቸውን ገልጠው አዩና ባዶ ቀን ያላቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሆነ ተናገሩ።

ቡን ቼው ወደ ስዊ ኬንግ ዞረ። በዓይኑ የማለችለትን አስታወሳት። ገብቷታል፤ አልገባኝም ብትል ውሸቷን ነው። አሥራ ዘጠኝን አሰበች፣ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ሻይ አሰበች። አባቷ ቀብር ላይ ብቻዋን የለበሰችው ማቅም አልቀረ፤ እሱንም አሰበችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእናቷን ሁለት የእጅ አንጓዎች ያዘች። አሮጊቷ እንዲህ ጉልበት ይኖራታል ብላ አልጠረጠረችም፤ ነፍሱ እንዳልወጣ ዓሣ ተወራጨችባት። ሠላሳ ዓመት ዓሣ የያዘ እጅ ግን አይለቅም። ሁለቱን እጆች አውርዳ ጭኗ ላይ አጣብቃ ያዘቻቸው።

"በል" አለችው።

ቡን ቼው እናቱን አላየም። ስዊ ኬንግን እያየ ነው የእናቱን ስም ጠርቶ ያለው።

"ቴይ ጌክ ቹ እናቴ ነች።"

የአሮጊቷ ፊት ለአንዲት አፍታ በራ። ስዊ ኬንግ ይሄን አይታለች፤ ኋላ ብዙ ጊዜ የአንጀቷን መቃጠል ያስታገሰችው በዚህ ነው። ግን አፍታ ናት። ወዲያው አሮጊቷ እጇን መንጭቃ አስለቀቀችና የፔሬራ ወለል ላይ ጡ፣ ጡ፣ ጡ ብላ ሦስት ጊዜ ተፋች። ቀና ብላ ጣራውን እያየች "ሕፃን ነው፤ አያውቅም። የሚለውን አያውቅም፣ ሕፃን ነው" አለች። የስድሳ አራት ዓመቱ ሕፃን ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፔሬራ ልጅዎ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በቃል መሆን አለበት አሏት። "ነው" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ማኅተሙ ዱብ አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገንዘቡ በዚያው ቀን ተለቀቀ፣ አሮጊቷ በአሥራ ዘጠኝ ተወጋች፣ ከአምስት ሳምንት በኋላም ተወጋች። በሦስተኛው መርፌ መስኮት ዳር ተቀምጣ ከታች የሚያልፈውን አውቶቡስ ቁጥር ማንበብ ቻለች። ሐኪሙ እጅግ ደስ አለው። ቫሳንቲ ስልክ ደውላ የቡን ቼው ቁጠባ ለሚቀጥሉት ስምንት ዓመታት እንደሚበቃ ነገረቻት። ስዊ ኬንግ አሸንፋለች፤ ባሸነፈችበት ቤት ግን መቀመጥ አቃታት።

ቡን ቼው መምጣቱን አቆመ። እሑድ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከረጢቱ የብረት በሩ ፍርግርግ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፣ ኬኩ ገና ትኩስ ነው፣ ሰውየው ግን የለም። ድምፁን ለእናቱ ማሰማት ፈርቷል። ዓመቱ እስኪዞር በአፉም በጥላውም ሊነካት አልፈለገም። አሮጊቷ ደግሞ ለሴት ልጇ አፏን ዘጋች። ውሃ ስትሰጣት ትጠጣለች፣ ስታለብሳት ትለብሳለች፣ ከዚያ ውጭ ወሬ የለም። አንድ ቀን ስዊ ኬንግ ትዕግሥቷ አልቆ ዓይንሽን ያዳንኩት እኔ አይደለሁም ወይ፣ ይሄው ሦስት ወር አለፈ፣ ማን ሞተ፣ ብላ ጮኸችባት። አሮጊቷ ሰምታ ሰምታ ሁለት የእጅ አንጓዎቿን ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

"ያዝሽኝ" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

አንድ እሑድ ስዊ ኬንግ ከወትሮው ቀድማ ነቃች። እናቷ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች፤ መቼ ተነስታ እንደተቀመጠች አይታወቅም። የእንጨቱን በር ራሷ ከፍታዋለች፣ የብረቱ ተቆልፏል። ከረጢቱ ፍርግርጉ ላይ ተንጠልጥሎ ገና ይወዛወዛል።

"አየሁት" አለች አሮጊቷ፣ ዘወር ሳትል። "ጀርባውን። ጎብጧል። ጠጉሩ ሁሉ ነጭ ነው፤ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?"

ስዊ ኬንግ በየእሑዱ ታየው ነበር፤ ሽበቱን ልብ ብላ አታውቅም።

"ድረሽበት" አለቻት አሮጊቷ። "አክስትህ በልቻለሁ ብላሃለች በይው።"

"አክስትህ?"

"እንዳልኩሽ በይ። ከራስሽ እንዳትጨምሪ።"

ብረቱን በር ለመክፈት ከረጢቱን ማንሳት ነበረባት። አነሳችው፣ ቁልፉን ፈታች፣ በነጠላ ጫማ ሮጠች። አሳንሰሩ ታች ነበር፤ አልጠበቀችውም፣ ዘጠኙን ፎቅ በደረጃ ወረደችው። ቡን ቼው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብቻውን ቆሟል። ሲያያት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ ለመናገር ስትሞክር እሱ ቀደማት።

"ዓመቱ ሳይዞር ከሞተች" አለ ቀስ ብሎ፣ "አፌ አይደለም የገደላት። እጅሽ ነው።"

ስዊ ኬንግ በሕይወቷ መልስ አጥታ አታውቅም። ገበያው ሁሉ ምላሷን ይፈራል። ያን ጠዋት ግን ስድቡን ተወችው። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ቶሎ ማለት ነበረባት፣ ቃሉ ደግሞ ከበደ፤ ሃምሳ አምስት ዓመት እናቴ ስትል የኖረች አፍ አሻፈረኝ አላት።

"አክስትህ…" አለች። "አክስትህ በልቻለሁ ብላሃለች።"

አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሾፌሩ ጠበቀ። ቡን ቼው አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈና ዞር አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ላልቶ፣ እንደዚያ ገበያ መሃል እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ አየት አደረጋት።

"ምን በላች?" አላት።

"ያመጣህላትን" አለችው ስዊ ኬንግ።

ቡን ቼው ወደ እጇ አየ። ከረጢቱ ገና እሱ እንደቋጠረው፣ ሳይፈታ፣ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ አልጠየቃትም፤ አውቶቡሱ ላይ ወጣ፣ በሩም ተዘጋ።